በጀርባዋ የተኛች ሸረሪት

ወደ ክሊኒካችን ስለ ታራንቱላ የሚደውሉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት «ዶክተር፣ ሸረሪታችን ሞተች» ብለው ነው። እዚህ አሜሪካ ታራንቱላ በመስታወት ሣጥን የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው፤ ከሐበሻ ልጆችም መካከል አሉ። በቅርቡ የደወሉልኝ እናት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ሊጥሏት አስበው ነበር።

«በጀርባዋ ነው የተኛችው ወይስ በእግሯ እንደቆመች ነው?» አልኳቸው።

«በጀርባዋ ተገልብጣ።»

«እንግዲያው አልሞተችም እትዬ። ቅርፊቷን እየጣለች ነው፤ እባክዎ አይንኩብኝ።»

የምትሞት ታራንቱላ ብዙውን ጊዜ አትገለበጥም፤ ባለችበት እግሮቿን ወደ ሥሯ ትሰበስባለች። እግሯን የሚያጥፉ ጡንቻዎች አሏት፤ ዋና ዋና መገጣጠሚያዎቿን የምትዘረጋው ግን በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲወድቅ እግሮቿ ይታጠፋሉ። ቅርፊቷንም የምትጥለው በዚሁ ኃይል ነው። ፈሳሹን ከሆዷ ወደ ፊት ገፍታ የጀርባዋን ክዳን ትከፍታለች፤ ከዚያ 8ቱን እግሮቿን፣ እጅ ከጠባብ ጓንት እንደሚወጣ፣ ቀስ እያለች ትመዛቸዋለች። የክራንቻዋ ሽፋን፣ የመተንፈሻዋና ምግቧን የምትመጥበት ጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን ሳይቀር አብሮ ይወልቃል። በትንንሾቹ ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ በትልልቆቹ ግን ሰዓታት ይፈጃል።

ማምሻውን ልጁ ራሱ ደወለ። ክዳኑ ተከፍቷል፣ ሆዷም ወጥቷል፤ ሁለት የኋላ እግሮቿ ግን አሮጌው ቅርፊት ውስጥ ተይዘው ቀርተዋል፤ ከተንቀሳቀሰችም ቆይታለች። «ልሳብላት?» አለኝ። «እንዳትስብ የኔ ልጅ፤ እንዳለች ይዘሃት ና» አልኩት።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ታራንቱላን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የሚወዳት ሰው እጅ ነው። አዲሱ ቆዳ ገና ለስላሳ ነው፤ ቢስቡት ይቀደዳል። በመዳብ ምክንያት ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ደሟ ሲፈስ የምትገፋበት ግፊትም አብሮ ይፈሳል። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ግሊሰሪን ጨምሬ፣ በቀጭን የቀለም ብሩሽ አሮጌውን ቅርፊት ብቻ አረጠብኩ። ከሆዷ ሥር ያሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ጠብታ እንዳይነካቸው እጅግ እጠነቀቃለሁ። ከዚያ መጠበቅ፤ እንደገና ማርጠብ፤ እንደገና መጠበቅ። ቅርፊቱ ሲለሰልስ በአጉሊ መነጽር እያየሁ በወረንጦና በቀጭን መቀስ በትንሽ በትንሹ ቆረጥኩት።

አንደኛው እግር ጎበጥ ብሎ ወጣ። ሌላው ውስጥ እንዳለ ጠንክሮ ነበርና ተውኩት። ልጁ አለቀሰ። ታራንቱላ እንዲህ ያለውን እግር ራሷ ጥላው ልትኖር እንደምትችል፣ በሚቀጥሉት ጊዜያት ቅርፊቷን ስትጥልም መጀመሪያ ቀጭንና አጭር ሆኖ እንደገና እንደሚበቅልላት ነገርኩት። የእሱ ሸረሪት «የሜክሲኮ ቀይ ጉልበት» የምትባለው ናት፤ የዚህ ዝርያ ሴት ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ጊዜ አላት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የዚያ ምሽት ችግር ከሳምንታት በፊት መጀመሩ ነው። ሣጥኗ ላይ ማሞቂያ መብራት ነበር፤ የውሃ ሳህኗም ደርቆ ከርሟል። ውሃ የጠማት ሸረሪት የምትገፋበት ኃይል ከየት ታመጣለች? መብላት ስታቆምና ሆዷ ላይ ያለው መላጣ ቦታ ሲጠቁር ቅርፊቷን የምትጥልበት ቀን መቅረቡ ነውና ያኔ ሳህኑ አይጉደል፤ በሕይወት ያለ ፌንጣም ከሣጥኑ ይውጣ፤ ለስላሳ ሳለች ሊበላት ይችላል። ከጣለች በኋላም ነጭ የሆነው ክራንቻዋ እስኪጠቁር ምግብ አትስጧት፤ ለትልቋ 2 ሳምንት ያህል ጠብቁ።

በጀርባዋ ተኝታ ካገኛችኋት ደግሞ ሣጥኑን አታንቀሳቅሱ፣ ውሃም አትርጩባት። ከግማሽ በላይ ወጥታ ለሰዓታት ከቆመች፣ ወረንጦ ከማንሳታችሁ በፊት እንዲህ ያሉ እንስሳትን ለሚያክም ሐኪም ደውሉ።