ትሮፖኒን፦ የልብ ጉዳት በደም ውስጥ እንዴት ይለካል?

የደረት ሕመም ይዞት ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው ለሐኪሙ እንቆቅልሽ ነው። ሕመሙ ከጨጓራ፣ ከሳንባ ወይም ከደረት ጡንቻ ሊነሣ ይችላል፤ ከልብ ደም ሥር መዘጋት ከሆነ ግን በየደቂቃው የልብ ጡንቻ ይሞታል። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢሲጂ አንዳንዱን ሕመምተኛ ወዲያውኑ ይለያል፤ በሌላው ላይ ግን ጉዳቱ እየደረሰ ሳለ ግልጽ ለውጥ ላያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው «ደኅና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ቢመለስ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እርሱን በጊዜ ለመለየት ዛሬ ዋነኛው መንገድ በደሙ ውስጥ ትሮፖኒን የተባለውን ፕሮቲን መለካት ነው።

ትሮፖኒን ጡንቻ የሚኮማተርበትንና የሚላላበትን ጊዜ በካልሲየም አማካይነት የሚቆጣጠር የፕሮቲኖች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ያገኙት ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከሦስቱ ክፍሎቹ «ቲ» እና «አይ» የተባሉት በልብ ውስጥ ያላቸው ቅርጽ ከሌሎች ጡንቻዎች ይለያል። መኖሪያቸው የሴሉ ውስጥ ስለሆነ በደም ውስጥ መጠናቸው ሲጨምር የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ያመለክታል። ይህን መሠረት በማድረግ ሁጎ ካቱስ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1989 የትሮፖኒን ቲ መለኪያ ዘዴ አስተዋወቁ።

የፊዚክስ መምህራን በሐኪሞች ጉዳይ ምን አገባን? እኛን የሚያስደንቀን የመጠኑ ማነስ ነው። ለትሮፖኒን ቲ የጤናማ ሰው ከፍተኛ ወሰን ሆኖ የተወሰደው በአንድ ሊትር 14 ናኖግራም ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ እያንዳንዳቸው 100 ሜትር በሆነ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ብንበትን የምናገኘው ክምችት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በዚያው ሊትር ውስጥ ደግሞ 70 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ።

ፍለጋው የሚካሄደው በሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ነው። አንደኛው ትሮፖኒኑን ይዞ መግነጢስ ከሚስበው ደቃቅ እንክብል ጋር ይጣበቃል፤ ሁለተኛው የሩቴኒየም ውሕድ ተሸክሞ በሌላው ወገን ይይዘዋል። መግነጢስ እንክብሎቹን ኤሌክትሮድ ላይ ይሰበስባል፤ ያልተያዘው ሁሉ ታጥቦ ይወገዳል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ሲሰጥ ሩቴኒየሙ 620 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ቀላ ያለ ብርሃን ይፈነጥቃል። ፎቶመልቲፕላየር የተባለው መሣሪያ ብርሃኑን ይለካል፤ ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ትሮፖኒኑ ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ቁጥር ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ለብዙ ጊዜ የቆየ የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው ሁልጊዜ 30 ናኖግራም ሊኖረው ይችላል። በአንጻሩ ሕመሙ ገና የጀመረው ሰው 10 ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ ምክንያቱም ፕሮቲኑ ከሴሉ ወጥቶ ወደ ደም እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ደሙ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይመረመራል። የፊተኛው አሁንም 30፣ የኋለኛው ግን 16 ቢሆን በድንገተኛ የልብ ጡንቻ ሞት ይበልጥ የሚጠረጠረው ባለ 16ቱ ነው። በሂሳብ ክፍል ዴሪቬቲቭ የሚባለው ነገር እዚህ የሰው ሕይወት ይወስናል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ናኖግራም ወይም ከዚያ በላይ የጨመረ ሕመምተኛ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ወገን ይመደባል። ወሰኑ 1 ያልሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መሣሪያው ራሱ ይሳሳታል። ከፍተኛ ንቃት አለው ለመባል በ14 ናኖግራም ላይ የመለዋወጥ ስህተቱ ከ10 በመቶ፣ ማለትም ከ1.4 ናኖግራም መብለጥ የለበትም፤ ከዚህ ያነሰ ልዩነት ከመሣሪያው ይሁን ከልብ መለየት ያዳግታል። የመጀመሪያው ንባብ ከ12 በታች ሆኖ ለውጡም ከ3 ካነሰ ሕመሙ ከልብ ጡንቻ ሞት የመሆኑ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። በሁለቱ መካከል የወደቀው ሕመምተኛ ወደ ቤቱ አይላክም፤ በሦስተኛው ሰዓት ደሙ እንደገና እስኪመረመር ድረስ በክትትል ሥር ይቆያል።