ያውቁ ኖሯል? የጣሳ ወተት በቦርደዴ ሙቀት

ያውቁ ኖሯል? ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ የሕፃናት የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ አይደለም። ጣሳው ገና አልተከፈተም ማለት ዱቄቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ አዘገጃጀቱ ባወጡት መመሪያ ይህንኑ በግልጽ አስፍረዋል። ከጀርሞቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስቡት ሁለት ናቸው፤ ሳልሞኔላና ክሮኖባክተር። ክሮኖባክተር በደረቅ ዱቄት ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። ውኃና ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይራባል። የሚያጠቃው ብዙ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከሁለት ወር በታች ያለ፣ ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ከያዘ ደምን ይመርዛል፣ የአንጎል ሽፋንን ያቆስላል፣ ሕይወትም ያጠፋል።

ይህ ጀርም ከ6 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ባለው ሙቀት ሁሉ ይራባል። በጣም የሚመቸው የሰው ገላ ሙቀት ነው። ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆላዋ ቦርደዴ በበጋ ቀትር ከዚያ ብዙም አትርቅም። ወተቱ ሳይበላሽ ደጋ ላይ ያለችው እናት ያላት ጊዜ ቦርደዴ ያለችው የላትም።

ያውቁ ኖሯል? ጀርሙን የሚገድለው የውኃው ትኩስነት ነው። ውኃው ዱቄቱን ሲያገኘው ቢያንስ 70 ዲግሪ መሆን አለበት። ብዙ ቤት የሚደረገው ግን ሌላ ነው፤ ውኃው ይፈላል፣ ተከድኖ ይቀዘቅዛል፣ ለብ ሲል ይበጠበጥበታል። ይህን የምታደርገው ሰነፍ እናት አይደለችም፤ ልጇን እንዳታቃጥል የምትሳሳ ጠንቃቃ እናት ናት። ውኃው በመፍላቱ ውኃው ጸድቷል፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ጀርም ግን ለብ ባለ ውኃ አይሞትም። ስለዚህ አንድ ሊትር ያህል ውኃ አፍልተው ካወረዱ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ አያቆዩት። ውኃው ትንሽ ከሆነ ቶሎ ስለሚበርድ ያን ያህልም አይጠብቁ።

ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቦርደዴ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ከፍ ብሎ ይፈላል። በሁለቱም ከ70 በላይ ነውና አይስጉ። ለደገኞች ግን ከመነሻው ስለሚያንስ ወደ 70 የሚወርደው ቀደም ብሎ ነው።

ከተበጠበጠ በኋላ ማቀዝቀዝ ቀላል ነው። ጡጦውን ከድነው ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳህን ያስቀምጡት፤ ውኃው ክዳኑ ጋ አይድረስ። ከዚያ ውጪውን ጠርገው፣ ነቅነቅ አድርገው፣ የእጅዎ አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩት። ማይክሮዌቭ ያለው ሰው ወተቱን ለማሞቅ አይጠቀምበት፤ አንዱን ስፍራ እያፈላ ሌላውን ለብ ያደርገዋልና የሕፃኑን አፍ ያቃጥላል።

የታሸገ የላስቲክ ውኃስ? እሱም መፍላት አለበት። ንጹሕ መጠጥ ነው እንጂ ከጀርም ሙሉ በሙሉ የጸዳ አይደለም። ውኃ አጋር የተጨመረበት የጀሪካን ውኃም ለዱቄቱ ሲሆን ይፈላል። ማፍላት የማይጠቅምበት ነገር ደግሞ እነሆ፦ ጨውንና ፍሎራይድን አያወጣም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ የበዛባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ውኃው በተነነ ቁጥር የሚቀረው ማዕድን ይበረታል፤ ስለዚህ ያንኑ ውኃ ደጋግመው አያፍሉ፤ ለሕፃን የሚሆነውን ከተመረመረ ምንጭ ይቅዱ።

ያውቁ ኖሯል? የአንዱ ጣሳ ማንኪያ ለሌላው ጣሳ አይሆንም። መጠናቸው ይለያያል። ውኃው ቀድሞ ይለካል፣ ዱቄቱ ይከተላል፤ ማንኪያው ሳይጠቀጠቅ በንጹሕ ቢላዋ ጀርባ ይስተካከላል። የጣሳው ዋጋ እንዲህ ንሮ ሳለ ሁለት ማንኪያ ለሦስት ውኃ ለማዳረስ የሚገፋፋው ስስት ሳይሆን ችግር ነው። ግን ቀጭኑ ወተት ሆድ ሞልቶ ሰውነት ያከሳል፤ ልጁ ይጠጣል፣ ዝም ይላል፣ ክብደቱ ግን አይጨምርም። ማወፈሩም ይጎዳል፤ ጨው በዝቶበት ሰውነቱ ውኃ ያጣል። ለማጥገብ ተብሎ ስኳር፣ አጥሚት ወይም ማር መጨመርም ይጎዳል። በተለይ ማር ከአንድ ዓመት በታች ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ጣሳው ሊያልቅብዎት ከሆነ ከማቅጠንዎ በፊት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሯት። የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

ለሻይ የምንገዛው እንደ ኒዶ ያለ የዱቄት ወተት የጨቅላ ወተት አይደለም። የላምም፣ የፍየልም፣ በሚኤሶ በኩል የሚገኘው የግመል ወተትም ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡትን አይተካም። የላም ወተት ፕሮቲኑና ጨዉ ለጨቅላ ኩላሊት ይከብዳል፣ ብረቱም ያንሳል። የወተት ዕቃ በወይራ ማጠን ጥሩ ልማድ ነው፤ ለጡጦ ግን በሳሙናና በብሩሽ ማጠብን፣ ከዚያም ማፍላትን አይተካም።

ጡጦና ጫፉ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ጠልቀው አምስት ደቂቃ ይፍሉ፤ እስኪፈለጉም በተከደነው ድስት ውስጥ ይቆዩ። ጡጦ ማጽዳት አስቸጋሪ ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ሲኒ ይበቃል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ከሲኒ ቀስ እያለ መጠጣት ይችላል፤ ሲኒው ጥግ ስለሌለው ለማጠብም ይቀላል። እኔ ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤት ሲኒን እመርጣለሁ።

የተበጠበጠ ወተት ስንት ሰዓት ይቆያል? ፍሪጅ ውስጥ ከ5 ዲግሪ በታች እስከ 24 ሰዓት። ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ በቆላ ሙቀትማ ያንን ሁለት ሰዓት ባይጠቀሙበት ይሻላል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚውል ፍሪጅ እምነት አይጣልበትም፤ በየምግቡ ልክ ትኩስ ማዘጋጀት ነው የሚያዋጣው። ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈው ግን ምራቁ ነክቶታልና ፍሪጅም አያድነውም፤ ይደፋ። እንጥፍጣፊው ማሳዘኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ይደፋ።

በየምግቡ ከሰል ማቀጣጠል የሚቻል አይደለም። ለዚህ ያለን መሣሪያ ሻይ የምናኖርበት ፔርሙዝ ነው። ጠዋት የፈላ ውኃ ንጹሕ ፔርሙዝ ውስጥ ሞልቶ መክደን፣ ቀዝቀዝ ካለ ሌላ አዲስ ውኃ ማፍላት። ከአዋሽ በቦርደዴ አልፎ ወደ ጭሮ ወይም ወደ ድሬዳዋ ለሚጓዝም መፍትሔው ይኸው ነው፤ ዱቄቱን ለብቻ በደረቅ ዕቃ ለክቶ፣ ትኩሱን ውኃ በፔርሙዝ ይዞ፣ ልጁ ሲርበው መበጥበጥ። ከቤት በጡጦ ተበጥብጦ አውቶቡስ ውስጥ ለግማሽ ቀን የተንገላታ ወተት አይሰጥ።

ያውቁ ኖሯል? ጣሳው ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ ዓመት ካነበቡት ጊዜው ያለፈበትን ገና ሰባት ዓመት አለው ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። በኮንትሮባንድ መንገድ ፀሐይ ላይ የሰነበተ፣ የተጎረበጠ ወይም ያበጠ ጣሳ አይግዙ። የተከፈተው በአንድ ወር ውስጥ ይለቅ፤ ማንኪያው ደርቆ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ።

ከጣሳው ወደ እናት ጡት ስንመለስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ጡት ብቻ ይጥባ የሚባለው ግን ስድስት ወር ነው። ጫት ይዛ በሌሊት ወደ ገበያ ለምትወጣው የበዴሳና የሂርና እናት ደግሞ እነዚያም ቀናት የሏትም። የታለበ የጡት ወተት በ25 ዲግሪ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን እንደሚቆይ ብዙዎች አያውቁም። በቆላ ሰዓቱ ያጥራል፤ ሆኖም ጠዋት ታልቦ ለአያት የሚተው አንድ ሲኒ ከማንኛውም ጣሳ ይበልጣል። የምትቅም እናት ደግሞ ከጫት የሚገኘው አነቃቂ ንጥረ ነገር ወደ ወተቷ እንደሚያልፍ ትወቅ።

ቦትስዋና በኤች አይ ቪ ለተያዙ እናቶች ነፃ የሕፃናት የዱቄት ወተት (ፎርሙላ) ታድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ ውኃውን በከለ ጊዜ በተቅማጥ ሆስፒታል ከገቡትና ከሞቱት ሕፃናት እጅግ የሚበዙት ጡት የማይጠቡት ነበሩ። ወገን ተፈናቅሎ መጠለያ ሲገባ ከሁሉ በፊት የጣሳ ወተት ለመለገስ የምንሮጥ ሰዎች ይህን እናስብ፤ ለእናቲቱ ምግብና ውኃ፣ ጥላ ያለው ማጥቢያ ቦታ ይቅደም። ፎርሙላው እናት ለሌለው ወይም መጥባት ለማይችል ሕፃን፣ በጤና ባለሙያ እጅ ይሰጥ።

ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ካተኮሰው፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ያለማቋረጥ ካለቀሰ፣ በተለይ ከሁለት ወር በታች ከሆነ፣ ነገን አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ጣሳውንም ይዘው ይሂዱ።