የላፕቶፕ ድራም፦ ተረትና እውነታ

ዜማውም ግጥሙም ሸጋ ሆኖ ድራሙ ሲገባ «ይሄማ የኮምፒውተር ነው» የሚያሰኝ ዘፈን ብዙ ነው። ቤታቸው በላፕቶፕ የሚያቀናብሩ ወጣቶች ለዚህ የሚያዙት መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ በሽታ ነው።

ተረት፦ ውድ ሶፍትዌር ከተገዛ ድራሙ ሰው ሰው ይሸታል።

እውነታ፦ ከእውነተኛ ድራም የተቀዳ ድምፅ የያዘ ማሽን ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ሮጀር ሊን ኤልኤም-1 የተባለውን እንዲህ ያለ የድራም ማሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች አንዱን ስኔር ከቀስታ እስከ ኃይለኛ በብዙ ደረጃ፣ በየደረጃውም ተደጋግሞ ተቀድቶ ይዘውታል። የትኛው ቅጂ እንደሚሰማ የሚወስነው ከ1 እስከ 127 የሚቆጠረው የምቱ ኃይል፣ ማለትም ቬሎሲቲ ነው። ምቱ ሁሉ 100 ላይ ከተደረደረ የሚሰማው አንዱ ደረጃ ብቻ ነው፤ የተከፈለበት ሌላው ሁሉ ተኝቶ ይውላል።

ለምሳሌ በ6/8 የሚሄድ ችክችካን እንውሰድ። ስድስቱም የሃይ-ሃት ምቶች 90 ላይ ከሆኑ እንደ መትረየስ ይንጣጣሉ። አንደኛውን 105፣ አራተኛውን 95 አድርገው የቀሩትን ከ50 እስከ 70 ባለው መካከል ቢያበላልጧቸው ያው ሪትም መወዛወዝ ይጀምራል። በስኔሩ ዋና ምቶች መካከል ደግሞ ከ20 እስከ 40 የሆኑ፣ ጎስት ኖት የሚባሉ ስስ ምቶችን ጣል ያድርጉ። ብቻቸውን ሲሰሙ ኢምንት ናቸው፤ ሲጠፉ ግን ሪትሙ ባዶ ይሆናል።

ተረት፦ «ሂውማናይዝ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ምቶቹን በዘፈቀደ ማዛነፍ ይበቃል።

እውነታ፦ ሰው ሲዛነፍ በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን ጎቲንገን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የሙዚቀኛ መዛነፍ ካለፉት ምቶች ጋር ለረጅም ጊዜ የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል፤ አድማጮችም በዘፈቀደ ከተዛነፈው ይልቅ እንዲህ የተያያዘውን መርጠዋል። ድራመር ስኔሩን ወደኋላ ሳብ ካደረገ በዘፈኑ ሙሉ ሳብ ያደርጋል፤ አዝማች ሲደርስ ይሞቅና ጥቂት ይፈጥናል። እርስዎም ስኔሮቹን በአንድነት በጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘግዩ፤ አዝማቹ ላይ ቴምፖውን በደቂቃ በአንድ ወይም በሁለት ቢት ከፍ ያድርጉ።

ተረት፦ ምት በበዛ ቁጥር ድራሙ ይደምቃል።

እውነታ፦ ድራመር ያለው ሁለት እጅና ሁለት እግር ነው። ሁለቱም እጆች ቶም ላይ ሲሮጡ ሃይ-ሃቱን በዱላ የሚመታ የለም። ክራሽና ስኔር አብረው ከተመቱም ለሦስተኛ ዱላ የሚተርፍ እጅ የለም። አድማጭ ምክንያቱን ባያውቅም ጆሮው ይጠረጥራል።

ተረት፦ የቀረውን ሪቨርብ ይሸፍነዋል።

እውነታ፦ ለእያንዳንዱ ድራም የተለያየ ሪቨርብ መስጠት ኪኩን አንድ ክፍል፣ ስኔሩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ሶፍትዌሩ የኦቨርሄድና የክፍል ማይክ ቅጂ ካለው እነሱን ይክፈቱ፤ ከሌለው ሁሉንም ወደ አንድ አጭር ሪቨርብ ይላኩ።

ሌላ ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት የሠሩትን የቬሎሲቲ መስኮት ይክፈቱ። መስመሮቹ ሁሉ እኩል ቁመት ከሆኑ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም።