አንድ ኖታ፣ ሁለት ቅጂ

ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ የባኽን «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» ኒው ዮርክ ውስጥ የቀረጸው በ1955፣ ገና በ22 ዓመቱ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የመክፈቻውን ዜማ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሰው። በ1981 እዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ ያንኑ ዜማ ሲቀርጽ ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጀበት። ከኖታው አንዲት ነጥብ አልተነካችም። ሁለተኛው ቅጂ በወጣ ሰሞን ጉልድ በ50 ዓመቱ ዐረፈ።

ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ቅጂዎች የሚሠራ ፖድካስት ጉዳዩ ይህች የአንድ ደቂቃ ልዩነት ናት። ስለ ባኽ ሕይወት ማወቅ የሚፈልግ መጽሐፍ አያጣም። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ያንን ኖታ ምን እንዳደረገው ግን ሳያሰሙ ማስረዳት ከባድ ነው። ሁለቱን ቅጂ አከታትሎ ያሰማ አቅራቢ ብዙ አይደክምም፤ አድማጩ ራሱ ይደርስበታል።

የቢቢሲ ራዲዮው «ሪከርድ ሪቪው» ከ1957 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ኖሯል። ለብቻው የሚነሣ ሰው ግን ጣቢያ አያሻውም። የተቀረጸው ድምፅ በኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጣል፤ አርኤስኤስ የሚባለው መዝገብ አዲስ ክፍል መውጣቱን ለአድማጮች ስልክ ያሳውቃል። ከዚያ ውጪ አንድ ደህና ማይክሮፎንና የማያስተጋባ ክፍል ይበቃል። ባዶ ሳሎን ውስጥ ከመቅረጽ ልብስና ብርድ ልብስ የሞላበት መኝታ ቤት ይሻላል፤ ጨርቅ ማሚቶን ይውጣል።

የሚያስቸግረው የድምፅ መጠን ነው። የሰው ንግግር ከፍና ዝቅ ቢልም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ኦርኬስትራ ግን ከሹክሹክታ ተነሥቶ ጣሪያ ያንቀጠቅጣል። ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ የሚከታተል ሰው ንግግሩን እየሰማ ለስላሳውን ቫዮሊን ያጣዋል፤ ድምፁን ሲጨምር ጥሩምባው ጆሮውን ይመታዋል። ሁሉን እኩል የሚያደርግ ሶፍትዌር አለ፤ ሙዚቃው ላይ ከተጫነ ግን ልናሰማው የመጣነውን ልዩነት ያጠፋዋል። እኔ የምመርጠው ሙዚቃውን ሳይነኩ የራስን ንግግር ዝቅ ማድረግን ነው። ጸጥ ያለው ቦታ ሲቃረብ ለአድማጩ ቀድሞ መንገርም ይረዳል።

ሁለተኛው ጣጣ የቅጂ መብት ነው። ቤትሆቨን የሞተው በ1827 ነውና አምስተኛ ሲምፎኒውን ማንም ሊጫወተው ይችላል። ቅጂው ግን ባለቤት አለው። የኦርኬስትራ መሪው ካርሎስ ክላይበር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1974 የቀረጸው ዝነኛ ቅጂ ዛሬም መብቱ የተጠበቀ ነው። ለሂስ አጭር ቅንጫቢ መውሰድን የሚፈቅዱ ሕጎች በብዙ አገር ቢኖሩም፣ በትልልቆቹ መድረኮች ላይ ድምፅ የሚለየው ፕሮግራም ሂስን ከስርቆት አይለይም።

ስለዚህ ጀማሪን የምመክረው ከጥንቱ እንዲነሣ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ1923 በፊት የታተሙ ቅጂዎች ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ለሁሉም ክፍት ናቸው። የኦርኬስትራ መሪው አርቱር ኒኪሽ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1913 የቀረጸው ያው አምስተኛ ሲምፎኒ ከእነዚህ አንዱ ነው። በማይክሮፎን መቅረጽ ገና ስላልተጀመረ ተጫዋቾች ድምፅ በሚሰበስብ የቆርቆሮ ቀንድ ፊት ተጠጋግተው ይጫወቱ ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም ስለማይዝ ሲምፎኒው ተቆራርጧል፤ ጭረቱም ይሰማል። ሆኖም ኒኪሽ በወጣትነቱ፣ በ1872፣ አቀናባሪው ዋግነር ራሱ በጀርመኗ ባይሮይት የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲመራ ቫዮሊን የተጫወተ ሰው ነው። ከዚያ ዘመን የመጣ ጆሮ በዚያ ሸክላ ውስጥ አለ፤ ይህን ሳስብ ጭረቱን እረሳዋለሁ።

በአማርኛ የሚጀምር አቅራቢ ደግሞ ኢትዮጵያዊቷን መነኩሲትና ፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አይዝለላቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዳቸው በፊት አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ እየዘመሩ በካሴት የቀረጹት ሥራ ግን በአልበም የወጣው ካረፉ በኋላ፣ በ2024 ነው። ከፒያኖው ጀርባ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ዘመናዊ ስቱዲዮ ቢሆን ያጠፋው ነበር። አቅራቢው እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ምንም ሳይናገር ወፏ እስክትጨርስ ይጠብቅ።