ንብ ማነብ ከጓሮ ወደ ንግድ ሲወጣ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ ከጎጆው ጣራ ሥር ወይም ከዛፍ ላይ ሁለት ሦስት ቀፎ መስቀል የቆየ ልማድ ነው። ቀፎው ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ተጎንጉኖ በእበትና በጭቃ ይለሰናል፤ በወይራ ጢስ ይታጠንና መንጋ እንዲገባበት ይጠበቃል። ከገባ ማር ይቆረጣል፤ ካልገባ ለከርሞ ይቆያል። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ንቡ ጥሎ ቢሄድም ማንም ከሰርኩ አይልም። አገሪቱ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ የሆነችው በአብዛኛው በእንዲህ ያለ ቀፎ ነው። ንብ ማነብ ንግድ የሚሆነው ግን ይህ «ከገባ» የሚሉት ነገር ሲቀር ነው። ነጋዴ አናቢ ስንት ኅብረ ንብ እንዳለው፣ የትኛው እንደ ደከመ፣ አበባው ሲደርስ የትኛው ብዙ ቀሳሚ እንደሚያወጣ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ወደ ንግድ የሚሻገር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀፎ ነው። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ያህል ማር ይሰጣል። ንቡ የማር እንጀራውን ከላይ በተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች ላይ የሚያንጠለጥልበት የሽግግር ቀፎ ከዚያ ይሻላል፤ ባለፍሬሙ ዘመናዊ ቀፎ ደግሞ በጥሩ አያያዝ ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። የባለፍሬሙ ቀፎ ምስጢር ክፍተት ነው። አሜሪካዊው ቄስ ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ በ1852 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት ቀፎ በፍሬሙና በሳጥኑ መካከል ንብ የምታልፍበትን ያህል፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያነሰ፣ ቦታ ተትቷል፤ ይህን ያህሉን ንቦች በሰምም በሙጫም አይደፍኑትም። በዚህ ምክንያት ፍሬሙ ሳይሰበር ይነሳል፣ ማሩ በማሽን ተሽከርክሮ ይወጣል፣ ባዶው እንጀራ ወደ ቦታው ይመለሳል። ንብ ሰም ለመሥራት ብዙ ማር ትበላለችና እንጀራው መመለሱ ብቻውን ትርፍ ነው። ያም ሆኖ ቀፎ ሳጥን ነው፤ ሀብቱ ንቡ ነው። ዘመናዊ ቀፎ ተገዝቶ ባዶውን ሸረሪት ሲያደራበት ማየት በገጠር እንግዳ ነገር አይደለም።

በደጋው ዋናው የማር ቆረጣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ፣ መጅና ኑግ ሜዳውን ቢጫ ያለብሱታል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ደግሞ የገተም ዛፍ በበልግ ስለሚያብብ ነጩ ማር ግንቦትና ሰኔ ላይ ይደርሳል። ሥራው የሚጀምረው ግን ከአበባው ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል፤ ከዚያም ሦስት ሳምንት ያህል እጭ ስትቀልብ፣ እንጀራ ስትሠራ፣ በር ስትጠብቅ ቆይታ ነው ለቀሰም የምትወጣው። መስከረም 1 ቀን አደይ ላይ የምታርፍ ንብ እንግዲህ ሐምሌ 24 ገደማ የተጣለች እንቁላል ነበረች። ሐምሌ ደግሞ ዝናቡ ንብ የማያስወጣበት፣ ንግሥቲቱ እንቁላል የምትቀንስበት ወር ነው። ስለዚህ አናቢው ይቀልባል፦ ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ በሶ ወይም ሽሮ ጨምሮ። ምግቡ በዝርግ ሳህን ይቀርብና ንቦቹ እንዳይሰምጡ ላዩ ላይ ጭራሮ ጣል ጣል ይደረጋል። አበባው መፍካት ሲጀምር ስኳሩ ወዲያው ይቆማል፤ አለዚያ ንቡ ከማሩ ይቀላቅለዋል፣ ገዢውም ስኳር ይበላል። የጓሮ አናቢ ቀፎውን የሚያስታውሰው በጥቅምት ነው፤ የንግዱ ማር ግን የሚለካው በሐምሌ ነው።

ንብ ለማብዛትም መንጋ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም፤ ጠንካራው ኅብረ ንብ ለሁለት ይከፈላል። እንቁላልና ሦስት ቀን ያልሞላው እጭ ያለበት ፍሬም ከነንቡ ወደ አዲስ ቀፎ ይዛወራል። ንግሥት ያጣው ወገን ከእጮቹ ጥቂቶቹን በተለየ ቀለብ ያሳድጋል። አዲሲቱ ንግሥት እንቁላሏ ከተጣለ በ16ኛው ቀን ትወጣለች፤ በአየር ላይ ከወንዶቹ ንቦች ከድንጉላዎች ጋር ተገናኝታ እንቁላል መጣል እስክትጀምር ግን ከክፍፍሉ አንድ ወር ያህል ያልፋል። (ገበሬው አውራ ሲላት፣ እንደ አውራ ዶሮ፣ ወንድ ያደርጋታል፤ ቀፎው ውስጥ ግን ሥራ የማይሠሩት ወንዶቹ ብቻ ናቸው።) በአበባ ዋዜማ የተከፈለ ቀፎ በዚያ ዓመት የረባ ማር ስለማይሰጥ አናቢው ዘንድሮ የሚፈልገው ማር ይሁን ንብ መቁረጥ አለበት። ለዚህም እያንዳንዱ ቀፎ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ቁጥር በደብተር ላይ መስመር ያስፈልገዋል።

ንብ ብዙውን ጊዜ የምትቀስመው ከቀፎዋ ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ነው። 50 ቀፎ አንድ ቦታ ቢደረደር ያንኑ አበባ ስለሚሻማ በሁለት ሦስት ቦታ መበተን ይሻላል። የአገሪቱ ንብ ቁጡ ናት፤ በአጠገቧ የታሰረ አህያ ማምለጫ የለውም። ቦታው ከመንገድና ከትምህርት ቤት የራቀ፣ ፀረ አረም ከሚረጭበት እርሻም የተለየ መሆን አለበት። ለጉንዳን የቀፎው ማቆሚያ እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቆማሉ፤ ዙሪያውን አመድ የሚነሰንስም አለ።

ማሩ ከተቆረጠ በኋላ ዋጋውን የሚወስነው ውሃ ነው። ንቦች ማሩ ሲበስል ዓይኑን በሰም ይከድኑታል፤ ክዳኑ ሳይሞላ የተቆረጠ ማር ውሃው ከ20 በመቶ ሲያልፍ ይቦካል። ለጠጅ ጣይ ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ እጩም ሰሙም የተደባለቀበት ማር ጠጅ ቤት ይገባል፣ የአገሪቱ አብዛኛው ማርም የሚሄደው ወደዚያው ነው። በጠርሙስ ለሚሸጥ የገበታ ማር ግን የተከደነው ብቻ ተለይቶ ይወጣል፣ ይጣራል፣ አረፋው እስኪሰፍፍ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ኬሚካል በነበረበት ጀሪካን ከተቀዳ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የከተማ ገዢ የረጋ ማር ሲያይ ስኳር ነው ብሎ ይሸሻል፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል፣ ሻጩ ይህን ደጋግሞ ማስረዳት ሥራው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ማር ሊያስገቡለት ከሚችሉ አገሮች መዝገብ ሲያስገባት የጠየቀው በማሩ ውስጥ የመድኃኒትና የኬሚካል ቅሪት በየጊዜው እንዲመረመር ነበር።

ሰሙን ችላ የሚል ነጋዴ ገንዘብ ይጥላል። ባለፍሬም ቀፎ እንጀራውን ስለሚመልስ ሰም አይበዛለትም፤ ብልህ አናቢ ለዚህ ሲል ጥቂት ባህላዊ ቀፎ አያጣም። ከጠጅ የተረፈው ሰፈፍም በፈላ ውሃ ይቀልጣል፣ በጨርቅ ይጨመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ቢጫ ጠፍጣፋ ሆኖ ይረጋል። ከዚያ ከፊሉ ለጧፍ ሠሪ ይሸጣል፣ ከፊሉ በሰም ማተሚያ ተጨፍልቆ በሚቀጥለው ክረምት ለአዲስ ፍሬም ይለጠፋል።