በታመቀ አየር የሚሠሩ የዕቃ መያዣ መሣሪያዎች፦ አሠራራቸውና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በጠርሙስና በመድኃኒት ማሸጊያ እንዲሁም በተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ውስጥ ዕቃ እያነሡ የሚያስቀምጡ ሮቦቶችና አውቶማቲክ ማሽኖች፣ ጫፋቸው ላይ እንደ እጅ የሚያገለግል መያዣ አላቸው። ከእነዚህ መያዣዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በታመቀ አየር ነው። ቀላልና ፈጣን በመሆናቸው ተመራጭ ናቸው። ሆኖም የመያዝ ኃይላቸው በአየሩ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ በአጠገባቸው የሚሠራ ሁሉ ጠባያቸውን ማወቅ ይኖርበታል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ጣቶች ያሉት ነው። ከኮምፕረሰር የሚመጣው አየር በቫልቭ በኩል ወደ ሲሊንደር ሲገባ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ጣቶቹን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። በፋብሪካዎች የተለመደው የ6 ባር ግፊት፣ ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር በሆነ ፒስተን ላይ ሲያርፍ 188 ኒውተን ያህል ኃይል ይፈጥራል። ይህም ከ19 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ የሰውን ጣት ለመጉዳት በቂ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መምጠጫ ጎማ ያለው ሲሆን ካርቶን፣ መስታወትና ቆርቆሮ ለማንሣት ያገለግላል። የታመቀው አየር በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲያልፍ ከጎማው ሥር ያለውን አየር ስቦ ያወጣል። በዚህ ጊዜ የአካባቢው አየር ዕቃውን በጎማው ላይ ተጭኖ ይይዘዋል።

የቦታ ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

መምጠጫ ጎማ የሚይዘው በአካባቢው አየር ግፊት በመሆኑ፣ በደጋ ቦታዎች አቅሙ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከሥሩ ካለው አየር 60 በመቶው የወጣለት፣ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በስሌት በባሕር ወለል 12 ኪሎ ግራም ያህል ሲይዝ፣ በአዲስ አበባ የሚይዘው 9 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በአምራቹ መግለጫ ላይ የሠፈረው አቅም ለባሕር ወለል የተሰላ ከሆነ፣ መሣሪያው ከመመረጡ በፊት ስሌቱ መስተካከል አለበት። ባለ ጣት መያዣ ግን የሚሠራው ከአካባቢው አየር በላይ በታመቀ ግፊት ስለሆነ፣ የግፊት መለኪያው 6 ባር እስካሳየ ድረስ ኃይሉ አይቀንስም።

ሁለቱ የአደጋ ምንጮች

አንደኛው የአየር መቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ቱቦ ሲፈነዳ ወይም ኮምፕረሰር ሲቆም የተያዘው ዕቃ ሊወድቅ ይችላል። በመሆኑም አየር ቢቋረጥም ጣቶቹን ዘግቶ የሚያቆይ ስፕሪንግ ወይም አየሩን የሚያግት ቫልቭ ያለውን መሣሪያ መምረጥ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቀሪ አየር አደጋ ነው። የኤሌክትሪክ ማብሪያው ቢጠፋም በቱቦውና በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር ሊቀር፣ ጣቶቹም በድንገት ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ስለሆነም ማንኛውም ሠራተኛ ለጽዳት፣ ለጥገና ወይም የተቀረቀረ ዕቃ ለማውጣት እጁን ከማስገባቱ በፊት፦

• ማሽኑን ያቁም፤ የተንጠለጠለ ዕቃ ካለም በጥንቃቄ እንዲወርድ ወይም እንዲደገፍ ያድርግ፤
• የኤሌክትሪክ ኃይሉንና ዋናውን የአየር ቫልቭ ዘግቶ፣ ሌላ ሰው እንዳይከፍታቸው ይቆልፍ፤
• ቀሪውን አየር ያስወጣ፤
• የግፊት መለኪያው ዜሮ ማሳየቱን፣ ጣቶቹም አለመንቀሳቀሳቸውን ያረጋግጥ።

አየር የሚያግት ቫልቭ ባለበት መሣሪያ ዋናውን ቫልቭ መዝጋት ብቻ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር አያስወጣም። ስለዚህ የአምራቹን የማስወጫ መመሪያ መከተል ያስፈልጋል።

የአሠሪና የሠራተኛ ኃላፊነት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሠራተኞችን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ ስለ ሥራው አደጋና ጥንቃቄ የማስተማር እንዲሁም የሥራ ላይ ጉዳትን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሠራተኛውም በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ወዲያውኑ ለአሠሪው ማሳወቅና የደህንነት መመሪያዎችን ማክበር ይጠበቅበታል። ጉድለቱ ተነግሮ ካልታረመ፣ ሠራተኛው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ወደሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀርቦ ማመልከት ይችላል። በማመልከቻው ላይ የማሽኑን ዓይነት፣ የታየውን ጉድለትና ለአሠሪው የተነገረበትን ቀን መግለጽ ጉዳዩን ለማጣራት ያግዛል።