የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ቤትና የመዝገቡ አጠባበቅ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ የጎጀብን ሸለቆ ወርዶ፤ ወንዙን ተሻግሮ፤ እንደ ገና ደን የለበሰውን ዳገት መውጣት ግዴታው ነው። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቅሉ፤ ዝናሙ በሚበረታበት ወራት በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ለመናገር የሚደፍር ሾፌር አይገኝም። ይህች የካፋ ከተማ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተቋቋመ ጊዜ፤ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። አንዷ ማለታችን መቀመጫው በአንድ ከተማ ሳይወሰን በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ የተከፈለ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ አንዱ ቢሮ ለሌላው የሚጽፈው ደብዳቤ የግድ ተራራ መሻገር አለበት። ደብዳቤውን በመኪና የሚልክ ሰው ቀን ይቈጥራል፤ በኤሌክትሮኒክ ፖስታ የሚልክ ግን ብርጭቆውን ቡና ጠጥቶ ሳይጨርስ ይደርስለታል።

ይደርስለታል ያልነው ግን ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያሳልፈው መሣሪያ በደኅና የተያዘ እንደ ሆነ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ መሣሪያ፤ ይልቁንም መሣሪያው እንዴት እንደ ተሠራና ምን እንደ ታዘዘ ስለሚገልጸው መዝገብ ነው።

ኢሜይል የምንለውን ደብዳቤ የሚያሳልፈው ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። ሰርቨር ማለት ሌሎችን ለማገልገል ሌትና ቀን ሳይዘጋ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። በውስጡም ለዚሁ ሥራ ብቻ የተጻፈ ፕሮግራም አለ። አገራችን የፖስታ ሥራ በ1886 ዓ.ም. ከጀመረችበት፤ በ1901 ዓ.ም.ም የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ከሆነችበት ጊዜ ወዲህ፤ ደብዳቤ በእኛ ዘንድ የሚቀመጠው በቤት ደጃፍ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ይወስዳል። የኤሌክትሮኒኩም ፖስታ እንደዚሁ ነው፤ ሰርቨሩ ደብዳቤውን በተቀባዩ ሣጥን ያኖራል፤ ተቀባዩም በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ መጥቶ ይከፍተዋል።

ነገር ግን ሰርቨሩ ከማስቀመጡ በፊት በር ጠባቂ ነው። የቀድሞው የካፋ መንግሥት፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1897 ድረስ ራሱን ችሎ በቆየበት ዘመን፤ ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በበር ያስጠብቅ ነበር፤ እንግዳም ማን እንደ ሆነና ለምን ጉዳይ እንደ መጣ ሳይታወቅ በበሩ አያልፍም ነበር። ሰርቨሩም ደብዳቤ ይዞ ለመጣው ሰርቨር ሦስት አኃዝ ባለው ቍጥር ይመልስለታል። የመጀመሪያው አኃዝ 2 የሆነ እንደ ሆነ «ተቀብያለሁ» ማለት ነው። 4 ከሆነ «አሁን አልችልም፤ ቈይተህ ተመለስ» ማለት ነው። 5 ከሆነ ግን «አልቀበልህም፤ አትመለስ» ማለት ነው። ይህ አነጋገር በመላው ዓለም አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1982 ጆን ፖስቴል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ባወጣው ደንብ ተወስኖ፤ በ2001ና በ2008 እንደ ገና ተሻሽሎ ተጽፏል። በቦንጋ ያለ ሰርቨር በቶኪዮ ካለው ጋራ የሚግባባው ሁለቱም ይህንኑ ጽሑፍ ስለሚያከብሩ ነው።

የ4ን ቍጥር ጥቅም በተለይ ልብ ማለት ይገባል። በአንድ ከተማ የመብራት ኀይል ቢቋረጥ ወይም የስልክ መስመር ቢበጠስ፤ ላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን አይጥለውም፤ በወረፋ ይዞ በየጊዜው ይሞክራል። ፖስትፊክስ የተባለው በብዙ አገር የሚሠራበት ፕሮግራም፤ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፤ አምስት ቀን ሙሉ ሲሞክር ይቈያል። ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤውን ለላኪው የሚመልሰው።

«ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር» ስንል የዛሬውን ቁም ነገር ነካነው። ፖስትፊክስን የመሰለ ፕሮግራም በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ትእዛዞችን ይቀበላል። ስንት ቀን ይጠብቅ? ስንት ጊዜ ይሞክር? ከማን ይቀበል? ምን ያህል ከባድ ደብዳቤ ያሳልፍ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው አስቀድሞ ያኖረው ልክ አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያም እንደ ጉዳዩ ሊለውጠው ይችላል። ይህን ሁሉ በቃል የሚያጠና ሰው የለም፤ አለኝ የሚል ቢኖርም አይታመን። ስለዚህ መጽሐፍ አስፈለገ።

መጽሐፉም ሁለት ነው። አንደኛው የሠሪው መጽሐፍ ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ለምሳሌነት የሚበቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊሊፕ ሄዝል በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤግዚም የተባለውን የደብዳቤ ፕሮግራም ሲሠራ፤ ከፕሮግራሙ ጋራ ትልቅ የመግለጫ መጽሐፍ ጻፈለት። ፕሮግራሙ በተሻሻለ ቍጥር መጽሐፉም አብሮ ይሻሻላል፤ ካለፈው እትም የተለወጠውም አንቀጽ በዳሩ ምልክት ይደረግበታል። አንባቢው ሁሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ገና ማንበብ ሳያስፈልገው ምልክቱን ብቻ እየተከተለ አዲሱን ነገር ያገኛል። ትንሽ ዘዴ ትመስላለች፤ ነገር ግን በሺሕ የሚቈጠር ሰዓት አድናለች።

ሁለተኛው ምሳሌ ዊትሰ ቬነማ የተባለው የሆላንድ ተወላጅ በአይ ቢ ኤም የምርምር ቤት ሳለ ሠርቶ በ1998 ለሕዝብ ያወጣው ፖስትፊክስ ነው። በፖስትፊክስ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ ትእዛዝ በስሙ ተመዝግቦ፤ ሠሪው ያኖረው ልክ ስንት እንደ ሆነ፤ ትእዛዙም ከየትኛው እትም ጀምሮ እንደሚሠራ ይነገርለታል። ከሁሉ የሚያስመሰግነው ግን አሮጌውን አለመሰረዙ ነው። ለምሳሌ ፕሮግራሙ ያልደረሰ ደብዳቤን እንደ ገና ከመሞከሩ በፊት ቢያንስ 300 ሴኮንድ እንዲታገሥ ታዝዟል፤ መጽሐፉም ከዚሁ አጠገብ ከ2.4ኛው እትም በፊት ልኩ 1000 ሴኮንድ እንደ ነበረ ይናገራል። አሮጌ እትም ይዞ የሚሠራ ሰው «መጽሐፉ 300 ይላል፤ የእኔ መሣሪያ ግን ለምን ይዘገያል?» ብሎ ሌሊት ሙሉ እንዳይደክም ይህች አንዲት መስመር ትበቃዋለች።

መጽሐፉን ሳያነቡ አዲስ እትም መጫን ምን እንደሚያመጣ በ2020 በዓለም ዙሪያ ታይቷል። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር የኤግዚም 4.94ኛው እትም ወጣ። ይህ እትም ከውጭ በመጣ ደብዳቤ ላይ የተጻፈ ስም ሳይመረመር የፋይል ስም እንዲሆን አይፈቅድም፤ ምክንያቱም ተንኰለኛ ሰው በስሙ ቦታ ሌላ ነገር ጽፎ የሰርቨሩን ጓዳ ሊከፍት ይችላል። ጥንቃቄው ትክክል ነበር። ነገር ግን ብዙ መሥሪያ ቤቶች የእያንዳንዱን ሰው ሣጥን የሚያገኙት ልክ በዚሁ በተከለከለው መንገድ ስለ ነበረ፤ አዲሱን እትም በጫኑ ዕለት ደብዳቤው ሣጥን ሳይገባ በወረፋ ቀረ። አዲሱ መንገድ በመግለጫው ተጽፎ ነበር፤ ያነበቡት በጥቂት መስመር አስተካከሉት።

ሁለተኛው መጽሐፍ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ መዝገብ ነው፤ ይህኛው ከውጭ አገር አይመጣም። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጐድለውም እሱ ነው።

ስሙን መጥራት በማያስፈልግ በአንድ መሥሪያ ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ። የፖስትፊክስ ሠሪ ለአንድ ደብዳቤ ያኖረው የክብደት ልክ 10,240,000 ባይት ነው፤ ጥቂት ፎቶግራፎችን ለመያዝ ይበቃል። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ መስመሩ ቀጭን ስለ ነበረ ይህን ወደ ሁለት ሚሊዮን ዝቅ አደረገው። ያደረገው ነገር በጊዜው መልካም ነበር፤ ነገር ግን አልጻፈውም፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት አሁንም ዐሥር ሚሊዮን ይል ነበር። ባለሙያው ተዛወረ፤ መስመሩም ሰፋ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሩቅ ጤና ጣቢያ የክትባት መድኃኒት ማቀዝቀዣ መበላሸቱን የሚገልጽ ሪፖርት ከነፎቶግራፉ ተላከ፤ ተመለሰ። ደግመው ላኩት፤ ደግሞ ተመለሰ። የመልሱ ቍጥር በ5 የሚጀምር፤ ቃሉም እንግሊዝኛ ስለ ነበረ፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ጥፋቱ የራሱ መሰለው። በመጨረሻ ሪፖርቱን በፍላሽ አድርጎ በአውቶቡስ ላከው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ግድግዳውን እያየ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ሲል ቈየ። በማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው መድኃኒት ይህን ሁሉ ቀን አልጠበቀም።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ፖስትኮንፍ የተባለው ትእዛዝ ኤን ከሚለው ፊደል ጋራ ሲሰጥ፤ ሰርቨሩ በመሥሪያ ቤቱ ማስተካከያ ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ለይቶ ይዘረዝራል። ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩ ከአንድ ወረቀት አይበልጥም። ይህን በየወሩ አሳትሞ ካለፈው ወር ጋራ ማስተያየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ታዲያ መሣሪያው ራሱ ይህን የሚናገር ከሆነ መዝገብ ለምን አስፈለገ? መሣሪያው ምን እንደ ታዘዘ ይናገራል፤ የሠሪው መጽሐፍም የትእዛዙን ትርጕም ይናገራል። ለምን እንደ ታዘዘ ግን ሁለቱም አያውቁም። «መስመሩ ቀጭን ስለ ሆነ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ መስመሩ ሲሰፋ ይመለስ» የሚለውን ቃል የሚጽፍ ያዛዡ እጅ ብቻ ነው። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሪፖርት በአውቶቡስ ባልተጓዘ ነበር።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ለውጥ ቀኑ፤ የቀድሞው ልክ፤ አዲሱ ልክና ምክንያቱ ይጻፍ። የፕሮግራሙም እትም ቍጥር ይጻፍ፤ የሠሪው መጽሐፍ እንደየእትሙ የተለያየ ነውና በኢንተርኔት የተገኘው አዲሱ መጽሐፍ ለአሮጌው መሣሪያ ላያገለግል ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት ስም የት እንደ ተመዘገበና ኪራዩ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከፊተኛው ገጽ ላይ ይሁን። ሰርቨሩ ደኅና ሆኖ ስሙ ቢወድቅ ደብዳቤ አምጪው ቤቱን አያገኘውም። የምሥጢር ቃል ግን በዚህ መዝገብ አይጻፍ፤ እሱ በተቈለፈ ሣጥን የሚቀመጥ ነው።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ጥቂት ያነጋግራል። የሠሪዎቹ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው። በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በስልክ እየደወለ ደብዳቤ የሚያመላልስ አገልግሎት ሲሰጥ በነበረበት ጊዜ፤ ከዚያም በጥር 1989 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤታችን ሙሉውን ኢንተርኔት ሲከፍት፤ መሣሪያዎቹ የላቲን ፊደል እንጂ ግእዝን አያውቁም ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉበትን ሴራ የተባለውን ሥርዐት ያዘጋጁት ለዚሁ ችግር ነው። ዛሬ የደብዳቤው አድራሻ ሳይቀር በግእዝ ፊደል ሊጻፍ እንዲችል እ.ኤ.አ. በ2012 ደንብ ወጥቷል፤ ፖስትፊክስም ከ3.0ኛው እትም ጀምሮ ይቀበለዋል። በእኔ አስተያየት የትእዛዙ ስም ሠሪው እንዳወጣው ሳይተረጐም ይቀመጥ፤ ለመሣሪያው የሚነገረው በዚያው ስም ብቻ ነውና። ምክንያቱና ማብራሪያው ግን ተተኪው ሠራተኛ ሳይንተባተብ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። በቦንጋ ቢሮ ይህ አማርኛ ቢሆን፤ ከእሱም ጐን ካፊ ኖኖ ቢጨመር የሚከለክል የለም። በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የሚማሩ ወጣቶችም ፕሮግራም ከመጻፍ ጋራ እንዲህ ያለውን መዝገብ መጻፍ ቢለማመዱ የሚያገኛቸው መሥሪያ ቤት ዕድለኛ ነው።

የቀረው የአቀማመጥ ነገር ነው። ብዙዎች መዝገቡን በዚያው በሰርቨሩ ውስጥ ያኖሩታል፤ ሰርቨሩ የተበላሸ ዕለት መዝገቡም አብሮ ይታሰራል፤ ቁልፉን በቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው መሆን ነው። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር፤ አንዱ ደግሞ በወረቀት ታትሞ እርጥበት በማይደርስበት መሳቢያ ይቀመጥ፤ የካፋ ዝናም ለወረቀት አይራራምና። በላዩም የታተመበት ቀን በጕልህ ይጻፍበት። አዲሱ ሲታተም አሮጌው አይቀደድም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከኋላ ይያያዛል።